በኅዳግ ላይ ቀይ ነጥብ

አባቴ ስምንት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ሰባት ሰዎች መሐል ተቀምጦ መጽሐፍ ሲገልጥ አንዲት መስመር አላነበበም። ማንበብ አይችልም ነበር። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው መጨረሻ ላይ አውጥቼ ሰው ማስደንገጥ ስለማልወድ ነው። እኔ ራሴ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። መነጽር ቤት የምሠራ፣ ስለ ዓይን አራት ዓመት የተማርኩ ሴት ነኝ።

ማኅበራችን ስም የለውም። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ተኩል አንድ ሶፋ ሠሪ ሱቅ ጀርባ እንሰበሰብና ዝም ብለን እናነባለን፤ በቃ ይኸው ነው። ስምንት ወንበር አለ። ሁሉም ደንበኛ አሠርቶ ሳይወስደው የቀረ፣ ወይም ሶፋ ሠሪው ራሱ አበላሽቶ የደበቀው ስለሆነ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ማኅበሩን የመሠረተችው የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረች ሴትዮ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው የቀባጠረውን ሁሉ ስትጽፍ ኖራ ጡረታ የወጣች ቀን «ከዛሬ ጀምሮ የሰው አፍ ተዘግቶ ማየት ነው የምፈልገው» አለች ይባላል።

ሕጉ ሁለት ነው። ጸሐፊዋ ከቤቷ የምታመጣት፣ ድስት ሲጣድ የምትሞላ ትንሽ ሰዓት አለቻት። እሷ እስክትጮህ ቃል አይወጣም። ከጮኸች በኋላ ደግሞ ስለ ፈለግነው እናወራለን፣ ስለ ጣራ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ አውቶቡስ፤ ስለ መጽሐፍ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። «ምን እያነበብክ ነው?» ማለት እዚያ ቤት «ደሞዝህ ስንት ነው?» እንደማለት ነው።

ሦስተኛውን ነገር ማንም አልደነገገውም፤ እንዲሁ መጣ። ጨርቅ ላይ ምልክት ማድረግ የለመደው ሶፋ ሠሪ አንድ ቀን ደስ ያለችው መስመር ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ በአረንጓዴ እርሳስ ትንሽ ነጥብ አደረገና መጽሐፉን ሲጨርስ በሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ተወው። ቀጥሎ ያነሳው ሰው የራሱን ቀለም ጨመረበት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን ቀለም ያዝን። የኔ ሰማያዊ ነው። አባቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ ስለነበር ከቀይ ሌላ እርሳስ ኖሮት አያውቅም።

ደስታው ምን እንደሆነ ልናገር፣ ምክንያቱም ያለዚያ የቀረው ነገር ትርጉም የለውም። ስምንት ሰው ሲተነፍስ ትሰማለህ። የሒሳብ መምህሩ ሲስቅ ድምፅ እንዳያወጣ በአፍንጫው ይተነፍሳል፤ በዚያች ትንፋሽ ብቻ መጽሐፉ እንደሚያስቅ ታውቅና ሳምንቱን ሙሉ እስኪጨርሰው ትጠብቃለህ። ማንም አስተያየት አይፈልግብህም። ማንም «ታዲያ ምን ተማርክበት?» አይልህም። እና አንዳንዴ፣ ገጽ ገልጠህ፣ ልብህን የነካህ መስመር ጎን የሰው ነጥብ ታገኛለህ። ከአንተ ቀድሞ አንድ ሰው እዚህ ቆሟል። ቀና ስትል ያ ሰው ሦስት ወንበር አልፎ ጭንቅላቱን ያካል።

እኔና አባቴ ቤት ውስጥ የምናወራው ስለ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ካልተበላሸ ስለ ራዲዮኑ ድምፅ እንጣላለን። እናቴ የሞተችው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው፤ ስለ እሷ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ማኅበሩ ውስጥ በገባን በሁለተኛው ወር ግን እሱ ጨርሶ የተወውን ልብ ወለድ አነሳሁ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ጫማዋን ከአልጋው ግራ አንስቶ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ደግሞ ወደ ግራ ሲያዛውር የሚኖርበት ገጽ አለው። እዚያ ጋ ቀይ ነጥብ ነበር። ከጎኑ ሰማያዊ አደረግሁና መጽሐፉን መለስኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄዶ ገልጦ ሲያየው አየሁት። የእናቴን ለቅሶ አብረን የተቀመጥነው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በነጥብ አወራን፤ ከዚያ ውጪ አባት አልነበረኝም ብል አላጋነንኩም።

አንድ ሰኞ ራሱን አመመው። ሁለት ቀን ተኛ። ሲነሳ የበሩን መቃን በቀኝ ትከሻው ገጨው። አብራን የምትኖረው ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ «ሰላሳ ዓመት የኖርክበትን በር ረሳኸው? ወይስ እሱ ነው የተንቀሳቀሰው?» አለችው። በማግስቱ እኔ ሱቅ መጣ።

«ፊደሎቹ አልያዝ አሉኝ» አለ።

«ሌንሱ አርጅቶ ነው። ተቀመጥ።»

አራት ደንበኛ ቆሞ ነበር። የፊደል ሰሌዳውን አበራሁለት፤ ከላይ እስከ ታች ያለ ስህተት ወረደው። ቁጥሩን ትንሽ ከፍ አድርጌ አዲስ መነጽር ሠራሁለት። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት መነጽር ቀየርኩለት። በዓይን ዳርና ዳር ምን ያህል እንደሚታይ የሚለካ ማሽን ከጀርባዬ ነበር፤ ለአንድ ዓይን አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሃያ ደቂቃ ማለት ነው፤ አላበራሁትም። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጥድፊያ» ነው የሚለኝ፤ በዚህ ቅጽል ስም ስኮራ ኖሬያለሁ።

አባቴን ባመመው በስምንተኛው ወር ሶፋ ሠሪው ሰዓቷ ጮኻ ኮታችንን ስንለብስ ወደ በሩ ሳበኝ።

«ሕግ ልጥስ ነው፣ ለጸሐፊዋ እንዳትነግሪብኝ» አለ። «አባትሽ ምን ነክቷቸው ነው?»

«ምን ሆኑ?»

«ጠለቁብን! ያ የመርከብ ወጥ ቤቱ ሰውዬ መጽሐፍ፣ እሳቸው የጨረሱት፣ ስድሳ አንደኛው ገጽ ላይ ነጥብ አለች። ‹ከዚያም በሩን ዘጋው› የምትል መስመር። ምኗ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ አሰብኩባት። ኋላ ሲገባኝ፣ በሩ እኮ ሃያ ገጽ ቀደም ብሎ በማዕበሉ ተነቅሏል! የሌለ በር ነው የዘጋው! ደራሲው ተኝቶበት ይሁን ሆን ብሎ እንጃ፣ ያዩት ግን ጋሼ ብቻ ናቸው።»

ከኋላው የሒሳብ መምህሩ ጣልቃ ገባ። «አርባ ሦስት ነጥብ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ድሮ ከሰባት አይበልጡም ነበር። ሥርዓት አለው፣ ገና አላገኘሁትም እንጂ።»

አባቴ ደረጃው ላይ ቆሞ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር። ፈገግ አለ።

መጽሐፉን ወሰድኩት። በመጀመሪያ ተናደድኩ፤ የሚቀልድብን መሰለኝ። ቀይ ነጥቦቹ ያረፉት ምንም ያልተባለበት ቦታ ነበር፤ «ሌላኛው ደግሞ» የምትል መስመር፣ የምዕራፍ ቁጥር፣ አንድ ቦታ ላይ የገጹ ቁጥር ራሱ። እሑድ ጠዋት መስኮቱ ጋ ተቀምጬ፣ ሌንስ ላይ ጭረት የምፈልግበትን አጉሊ መነጽር አውጥቼ አየሁት። ስድሳ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ነጥቡ ባለበት መስመር፣ «ከዚያም» ከሚለው ቃል ውስጥ የ«ከ» ቀኝ እግር ተሰብሯል። የፀጉር ያህል። ቀጣዩ ነጥብ ጋ ቀለም የጠጣ «ሠ» አለ። ቀጣዩ ጋ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ያለ «ር»። አርባ ሦስቱም እንዲያ ናቸው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ዓይን ሥራውን አልተወም ነበር። የሚያነበው ሰው ነው የሄደው።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ስለዚህ ነገር አንድ አንቀጽ ተምረናል። ከጭንቅላት ጀርባ በግራ በኩል ደም ሲቋረጥ ዓይኑ ያያል፣ እጁ ይጽፋል፣ ምላሱ ይናገራል፣ ፊደል ግን አይነበብም፤ የቀኙም እይታ ይጎድላል። ፈተና ላይ መጥቶ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ይዤው ሄድኩ። መጋዘን ውስጥ ያልተፈታ ሌላ ሰሌዳ ነበረን፤ ፊደሎቹ የተለዩ። እሱን ሰቀልኩ።

«አንብብ አባዬ።»

«ከላይ?»

«ከላይ።»

«መ» አለ። ሰሌዳው ላይ ያለው «ተ» ነበር። «ከሥሩ ረ፣ ሰ። ከዚያ ወ፣ ለ፣ ገ።» እስከ ታችኛው ደቃቅ ረድፍ ድረስ እንደ ውኃ ወረደው። አንዱም እዚያ አልነበረም። የበፊቱ ሰሌዳ ግልባጭ ተማሪ እያለሁ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሁለት ዓመት ተለጥፎ ኖሯል፤ ከመመገቢያው ጠረጴዛ ፊት ለፊት።

«ደህና ነኝ፣ አይደል?» አለ።

«ሰሌዳው ተቀይሯል።»

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጠረገው። «መቼ?»

«ዛሬ።»

«ለአባት ወጥመድ ታጠምጃለሽ?»

«አንተ ስምንት ወር ስታጠምድብኝ ከረምክ አይደል እንዴ?»

ሳቀ፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም። «አየዋለሁ እኮ» አለ። «ማን አያይም አለ? የትኛው እግሩ እንዳጠረ፣ የትኛው ሆዱ እንደተደፈነ፣ ሁሉን አየዋለሁ። አፍ ግን የለውም። ዝም ብሎ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ። ፊደሎቹ አልያዝ አሉኝ አልኩሽ። አንቺ መነጽር ሰጠሽኝ።»

በቁጣ አልተናገረውም። ብዕሬን ከእጄ ወሰደና የመነጽር ትእዛዝ በምጽፍበት ወረቀት ላይ፣ በዚያ እንደ ማሽን በተስተካከለ የአራሚ ጽሕፈቱ፣ አንድ መስመር ጽፎ ወደ እኔ ገፋው።

«ምን ይላል?» አለ።

«አንተ አይደለህ የጻፍከው?»

«ስጽፈው አውቀው ነበር። አሁን ጠፋ። የጎረቤት ጽሕፈት ነው ብትይኝ አምንሻለሁ።»

ወረቀቱ «ቅዳሜን አትውሰጂብኝ» ይላል።

አልወሰድኩበትም። በዚያው ሳምንት ግን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የነርቭ ሐኪሙ በኔ ዕድሜ ያለ፣ እንደኔ የሚቸኩል ልጅ ነበር። በፎቶው ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ቦታ አሳየኝ። «ያኔውኑ ቢመጡ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ አረፍተ ነገሩን ተወው። ልምምድ ሰጠን፤ እያንዳንዱን ፊደል በጣት እየተከተሉ፣ እጅ ለጭንቅላት እንዲነግረው። አራት ሳምንት ሞከረ። አንድ መስመር ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የመጨረሻው ቃል ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ይጠፋል። «ይሄ ማንበብ አይደለም፣ ድንጋይ ፈለጣ ነው» ብሎ ወረቀቱን አጠፈው።

ጮክ ብዬ ላነብለት ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን አስቆመኝ።

«የምሰማው አንቺን ነው፣ መጽሐፉን አይደለም» አለ። «ደግሞ ትሮጫለሽ።»

አክስቴ ሽንኩርት እየላጠች «ምን ያስጨንቃችኋል?» አለች። «ስንቱ ሰው ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጣል። ሁሉም የሚያነብ ይመስላችኋል? ሂድ፣ ቁጭ በል፣ ግለጥ፣ ና። ማን ይጠይቅሃል?»

እውነቷን ነው። በዓለም ላይ ማንበብ ለማይችል ሰው ከዚያ ክፍል የተሻለ መደበቂያ የለም፤ ምን እያነበብክ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለማ። ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱን ቀጠለ። የማያየው በቀኙ ስለሆነ በቀኙ ያለውን ወንበር ለኔ አደረግሁት። ቀዩን እርሳስ ግን ቤት ትቶት ይመጣ ጀመር።

«ጋሼ፣ ነጥብ አቆሙ፤ ተቀየሙን እንዴ?» አለው ሶፋ ሠሪው።

«እናንተም ትንሽ ድከሙ» አለ አባቴ። ሁሉም ሳቁ።

እንዲህ ሆኖ ሊኖር ይችል ነበር። ወንበሩ፣ ትንፋሹ፣ የገጽ ድምፅ፤ ይህንን ብቻ ነበር የለመነኝ። ያንን ደግሞ የሚጠብቅለት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ከመደርደሪያው ላይ እኔ ከሕመሙ በፊት የጨረስኩትን መጽሐፍ አነሳ። ከሰማያዊዎቹ ነጥቦች አውቆት ነው። ተቀመጠና ገጽ መግለጥ ሳይሆን ነጥብ መፈለግ ጀመረ። አንዱ ጋ ቆመ። ፊቱን አስጠግቶ በጣቱ የመጀመሪያውን ፊደል ተከተለ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤ ተመለሰ፤ እንደገና ጀመረ። እንዳላየሁ ሆኜ የራሴን ገጽ አፍጥጬ አየሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያች መስመር ላይ ነበር። ከዚያ መጽሐፉን ወደ እኔ አዞረና ጣቱን ነጥቡ ላይ አድርጎ፣ ቤት እንደሚያወራው ባለ ድምፅ፣

«ይሄ ምን ይላል?» አለ።

ሰባት ራስ ቀና አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰዓቷ ሳትጮኽ የተነገረ የመጀመሪያው ቃል ነበር። የጸሐፊዋ ጣት ወደ ከንፈሯ ሄደ፤ በክፋት አይደለም፣ እጇ ራሱ ነው የሄደው። የሒሳብ መምህሩ አባቴን አየ፣ ጣቱን አየ፣ ነጥቡን አየ።

መስመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ለእሱ ነበር ነጥብ ያደረግሁት። ለመናገር አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ብናገረው ሁሉም ያውቃል፤ ያወቁ እንደሆነም ምናልባት አንዳች ነገር አይሆንም ነበር፣ ምናልባት ሶፋ ሠሪው ወንበሩን ያስጠጋ ነበር። አላውቅም። እሱን ልሸፍንለት ብዬ ነው ብል ደስ ይለኛል። አፍሬ ነው።

«ኋላ፣ አባዬ» አልኩት በሹክሹክታ። «ኋላ።»

«እሺ» አለ። መጽሐፉን ዘጋና ሁለት እጁን ሽፋኑ ላይ አድርጎ ሰዓቷ እስክትጮኽ ግድግዳውን አየ።

ቤት እንደገባን፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ አነበብኩለት። «ሁለቱም በጨለማ ተቀምጠው ነበር፤ መብራቱ ጠፍቶ ሳይሆን እያንዳንዱ ሌላው ያበራዋል ብሎ።»

አክስቴ ከውስጥ «ቧንቧው ዛሬም ይንጠባጠባል!» እያለች ነበር።

«ይሄ ነበር?» አለ አባቴ።

«ይሄ ነበር።»

«እዚያ ብሰማው ይሻል ነበር» አለና ቧንቧውን ሊያይ ሄደ። በመንገዱ ላይ መቃኑን በቀኝ ትከሻው ገጨው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጫማውን አላደረገም።

«አባዬ፣ ተነስ እንጂ፣ ይረፍድብናል።»

«ሂጂ አንቺ።»

«እኔ ብቻዬን አልሄድም።»

«ትሄጃለሽ» አለ። «ሂጂ፣ ጥድፊያ።»

ሄድኩ።

አምስት ወር ሆነው። ምን ያልሞከርኩት አለ? ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አንድ ቀን ጫማውን እግሩ ላይ ላደርግለት ጀምሬ አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው ሕፃን አይደለም!» ብላ እስክትጮኽብኝ ድረስ ታገልኩት። መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ራዲዮ ያዳምጣል። ድምፁን ይቀንሳል፤ ከእንግዲህ በእሱም አንጣላም። አንዳንዴ ቀዩን እርሳስ ይዞ የጋዜጣ ወረቀት ላይ አጎንብሶ አገኘዋለሁ፤ የተሰበረ እግር እየፈለገ። ሲያየኝ ያጥፈዋል።

ለማኅበሩ ጉልበቱን አመመው አልኳቸው። ስለ ጉልበት ማውራት ስለሚወዱ ጥያቄ አላበዙም። ጸሐፊዋ ብቻ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ያደረገችበትን ቀን እያስታወሰች መሰለኝ፣ እጄን ጨብጣ ትንሽ ቆየች። ሶፋ ሠሪው አሁንም ስለዚያች በር ያወራል። «ሳገኛቸው የምጠይቃቸው እሷን ነው» ይላል። የተሰበረ «ከ» እንደሆነ ልነግረው እችላለሁ። አልነገርኩትም። ቢያንስ አንድ ሰው ከአባቴ ጋር እያወራ ነው።

የሚገርመው ሌላ ነው። እሱ ከቀረ በኋላ ደስታው ይጠፋል ብዬ ነበር። ቅጣት እንዲሆነኝ የጠበቅሁት ይህን ነው፤ እዚያ ተቀምጬ ፊደሉ ሁሉ እኔንም ዝም ብሎ እንዲያየኝ። አልሆነም። ያለፈው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ስለ ድልድይ ሠራተኞች የሚተርክ አንድ መጽሐፍ ይዤ ወንበሬ ውስጥ ሰጠምኩ። የሒሳብ መምህሩ በአፍንጫው ሳቀ። አንድ ገጽ ላይ ከዚህ በፊት ያላየሁት አረንጓዴ ነጥብ አገኘሁና ልክ ነህ አልኩ በልቤ፣ ልክ እዚህ ጋ። ሰዓቷ ስትጮኽ ደነገጥኩ፤ አሥር ደቂቃ የሆነ አልመሰለኝም ነበር። ሙሉውን አንድ ሰዓት ተኩል አባቴን አንድ ጊዜ እንኳን አላሰብኩትም።

ልነሳ ስል ቦርሳዬን ፈለግሁት። በግራዬ፣ በእሱ ወንበር ላይ፣ እርጥቡን ቦርሳ አስቀምጬበት ነበር።